ሀዘን ላይ ላላችሁ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ በሞተር በቡድን እንዴት እንደሚወጣ

ወንድሜ ካረፈ በኋላ ሞተሩ ግቢያችን ጥግ ላይ ላስቲክ ለብሶ አንድ አመት ከአራት ወር ቆመ። እናቴ በየሳምንቱ ላስቲኩ ላይ ያለውን አቧራ ትጠርጋለች፣ ከዛ ውጪ ማንም አይነካውም። ለቅሶው ላይ ሰው ሞልቶ ነበር፣ ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ ብቻዬን የሆንኩበት ደቂቃ የለም፣ ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ሰማንያውም አለፈ፣ ከዛ ሰው ወደየስራው ይመለሳል፣ መመለሱም ልክ ነው፣ ማንም ስራ ፈትቶ አብሮህ አይቀመጥም። ግን ሀዘን ያለፈበት ሰው ያውቀዋል፣ ዋናው ለቅሶ የሚጀምረው ያኔ ነው። እናቴ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ወሰደችኝ፣ ደስ ብሎኝ ሄድኩ፣ ረድቶኛልም። ቤት ስመለስ ግን ያው ላስቲክ የለበሰ ሞተር ይጠብቀኛል።

ከቤት ያወጣኝ አንድ ጎረቤታችን ነው፣ ድሮ የደሴ መስመር ላይ ተሳቢ ይነዳ የነበረ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚለው ሰው። አንድ ቀን ግቢ ገባና ላስቲኩን ገለጥ አድርጎ ጎማውን በእግሩ ጫን ጫን እያደረገ "ቆሞ የሚውል ጎማ ይሰነጠቃል እኮ፣ ቅዳሜ ጎሚስታ ጋ እንውሰደው" አለኝ። በቃ። አይዞህ አላለኝም፣ ጠንከር በል አላለኝም። ቅዳሜ ወሰድነው፣ ከሁለት ወር በኋላ ጥቅምት ላይ ስድስት ሆነን ለአምስት ቀን ወጣን። ከዛ ወዲህ ሶስት ጊዜ ደግመነዋል፣ ሁሌም ከመሀላችን ሀዘን የደረሰበት ወይ ትዳሩ የፈረሰ ወይ ከከባድ ህመም የተነሳ ሰው አለ። እንዴት ነው የምታደርጉት ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ ያየሁትን እንዳለ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን መቼ እንደማይወጣ

ከአርባው በፊት አትውጡ። ይሄን የምለው ለባህሉ ብዬ ብቻ አይደለም፣ ሀዘን ትኩስ ሲሆን ሰው አይኑ ክፍት ሆኖ አያይም፣ ሞተር ላይ ደግሞ በሰዓት 60 እየነዳህ ለአንድ ሰከንድ ሀሳብ ከወሰደህ ወደ 17 ሜትር ሳታይ ሄደሃል ማለት ነው። እንቅልፍ እምቢ ያላችሁ ሰዎችም ቆዩ፣ ሁለት ሶስት ሌሊት ያልተኛ ሰው እንደጠጣ ሰው ነው ሚነዳው። መኖር አስጠልቶኛል የሚል ሀሳብ የሚመላለስበት ሰው ካለ ደግሞ ጉዞው ይቅርና መጀመሪያ ሀኪም ጋ ይሂድ፣ ብቻውን አትላኩት፣ አብራችሁት ሂዱ፣ ሞተሩ የትም አይሄድም ይደርሳል። ጉዞ ህክምናን አይተካም፣ ይሄን ስል የምሬን ነው፣ ከመሀላችን አንዱ መድሃኒቱን እየወሰደ ነው አብሮን የወጣው፣ ሰዓቱን እኛም እናስታውሰው ነበር።

ከነማን ጋ

አምስት፣ ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት። ከዛ ከበዛ ሁለት ቡድን ይሆናል፣ ማታም አንድ እሳት ዙሪያ አትቀመጡም። ሁሉም ሀዘንተኛ አይሁን፣ ሁሉም ጨዋታ አዋቂም አይሁን። አንድ በእድሜ ጠና ያለ ሰው ካለ በጣም ጥሩ ነው፣ ወጣቶች ብቻ ስንሆን ማን ቀደመ ማን ቀደመ ይመጣል፣ ጋሼ ካለ ግን ማንም እሱን አልፎ አይነዳም።

የገንዘቡን ነገር ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱት። እኛ እንደ እድር ነው ያደረግነው፣ ሁሉም እኩል ያዋጣል፣ አንድ ሰው ገንዘብ ያዥ ይሆናል፣ ነዳጁም ምግቡም አልጋውም ከዛ ይወጣል፣ የተረፈው መጨረሻ ላይ ይከፋፈላል። አንዱ አቅም ካጠረው ለገንዘብ ያዡ ብቻ ለብቻው ይንገረው፣ ሌላው ማወቅ የለበትም። ምሳ ቤት በር ላይ እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ሲባል ኪሱ የሳሳው ሰው ይሸማቀቃል፣ የተሸማቀቀ ሰው ደግሞ ማታ አይናገርም።

ከኛ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፣ ስለዚህ የጋራው ማዕድ ሁሌም ሽሮ፣ ምስር፣ በያይነቱ ነው፣ ስጋ ያማረው ለየራሱ ይበላል፣ አንድ ትሪ ላይ ግን ሁላችንም እጃችንን እንዘረጋለን። የሶላት ሰዓት እረፍት ስናደርግ ይገጣጠም ዘንድ አስልተን ነው የምንቆመው፣ ረቡዕና አርብ ደግሞ እነሱ ከኛ ጋ ሽሮ ይበላሉ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን በመጀመሪያው ቀን ሰው እዚህ ታስቤያለሁ ብሎ የሚያውቀው በዚች ነው።

ሞተሩ

እዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም። ዘይት ቀይሩ፣ የፍሬን ሸራ እዩ፣ ካቴናው ከመሀሉ በጣት ከፍ ዝቅ ሲደረግ ሁለት ሶስት ሳንቲ ሜትር ያህል መላላት አለበት፣ ሲጠብቅም ሲላላም አደጋ ነው። ትርፍ ካንዴላ፣ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ፖምፓ፣ ጎማ መፍቻ። በደሴው መንገድ ላይ ካለው ጣርማ በር ወደ መንዝ ከታጠፋችሁ በኋላ ነዳጅ አገኛለሁ ብላችሁ አትመኩ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ፣ ትርፍ ከያዛችሁም ክዳኑ ጥብቅ ባለ ጄሪካን ይሁን፣ በሀይላንድ ቤንዚን ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ደግሞ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በየ1000 ሜትሩ ከመቶ አስር እጅ ያህል ያጣል ይባላል፣ ዳገት ላይ ሲያቃስት ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ማርሽ ቀንሱለትና ቀስ ብሎ ይውጣ።

ልብስ ላይ አትቆጥቡ። ደብረ ብርሃን እራሷ 2840 ሜትር አካባቢ ናት፣ ከህዳር ጀምሮ ውርጩ ሳሩን ነጭ ያለብሰዋል። ጓንት ሁለት ድርብ ይሁን፣ ጣት ሲቆፍን ፍሬን በጊዜ አይያዝም። የንፋስ መከላከያ ከሌላችሁ ደረታችሁ ላይ ከጃኬቱ ስር ጋዜጣ ወይ ላስቲክ አድርጉ፣ ይሰራል። ሄልሜት ለሁሉም፣ ያለ ሄልሜት የመጣን ሰው እኛ መልሰነዋል፣ ተቀይሞን ነበር፣ በሁለተኛው ጉዞ ይዞ መጣ።

የስፖኪዮ ህግ

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ጋሼ ያስተማረን ህግ አንድ ናት፣ ሁሉም ሰው ከኋላው ላለው አንድ ሰው ሀላፊ ነው። በቃ። መሪው ሁሉንም አይጠብቅም፣ መጨረሻ ላይ ያለውም አይጨነቅም። እኔ በስፖኪዮዬ ከኋላዬ ያለውን አያለሁ፣ እሱ ከጠፋ እቀንሳለሁ፣ እኔ ስቀንስ ከፊቴ ያለው እኔን ያጣኛል እሱም ይቀንሳል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሳይደዋወሉ መሪው ጋ ይደርሳል፣ ይቆማል። መታጠፊያ ላይ ደግሞ ከኋላህ ያለው ሰው አይቶህ እጁን እስኪያነሳ ድረስ አትታጠፍም። ቀርፋፋው ወይ አዲሱ ሰው ከመሪው ቀጥሎ ይግባ እንጂ መጨረሻ አይቀመጥ፣ መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ሁሌ ለመድረስ ስለሚሯሯጥ ከአቅሙ በላይ ይነዳል። መጨረሻው ላይ የጠና ሹፌር ይሁን፣ መፍቻውም መድሃኒቱም እሱ ጋ ነው ሚሆነው።

ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ትንሽ ግራ ቀኝ ሆናችሁ ተሰለፉ፣ ከፊትህ ካለው ጋ ሁለት ሰከንድ ይኑርህ፣ አንድ ሺ አንድ፣ አንድ ሺ ሁለት ብለህ ቁጠር። ኩርባ ላይና ጭጋግ ውስጥ አንድ መስመር ሁኑ ርቀቱንም እጥፍ አድርጉት። ጎን ለጎን ሆኖ እያወሩ መንዳት የለም።

እኔ መጀመሪያ ቀን ከኋላዬ የመደቡልኝ አንድ አስተማሪ ነበር፣ በስም እንኳን በደንብ አልተዋወቅንም፣ ከአንድ አመት በፊት ሚስቱን እንዳጣ ብቻ ነው የማውቀው። ሰማያዊ ጃኬት ለብሷል። ቀኑን ሙሉ የማየው ያንን ሰማያዊ ጃኬት ነው፣ አለ፣ አለ፣ ኩርባ ይውጠዋል፣ ልቤ ትንሽ ትንጠለጠላለች፣ ደግሞ ብቅ ይላል። አንድ አመት ከአራት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ እኔን ነበር የሚጠብቀው፣ በላህ ወይ ተኛህ ወይ እየተባልኩ፣ ያን ቀን ግን የምጠብቀው ሰው ነበረኝ። ማታ አንኮበር ስንደርስ ከሞተሩ ወርዶ "አስሬ ስትዞር አየሁህ" አለኝ፣ እኔም "ስትጠፋ ጊዜ ነው" አልኩት፣ ጓደኝነታችን በዚች ጀመረ እስካሁንም አለ። ለዚህ ነው የምላችሁ፣ ሀዘን ያለበትን ሰው መሀል አስገብታችሁ ብቻ አትንከባከቡት፣ ከኋላው ሰው ስጡት።

መንገዱ

ከደብረ ብርሃን ስትነሱ ስላሴ ተሳልማችሁ ውጡ፣ ከተማዋን ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት እንደቆረቆሯት ነው የሚነገረው። የመጀመሪያውን ቀን አጭር አድርጉት፣ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ግማሽ ቀን ይበቃል። ቡድኑ እርስ በርስ አነዳዱን የሚተዋወቅበት ቀን ይሁን። ከሰአት በኋላ ምኒልክ ቤተ መንግስት የነበረበት ኮረብታ ላይ በእግር ውጡ፣ ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል የአፋር ቆላ ድረስ ይታያል። ሄልሜት ለብሶ የዋለ ጆሮ እዛ ጋ ሲደርስ ዝምታው ይገርመዋል።

ሁለተኛው ቀን በደብረ ብርሃን ተመልሳችሁ በደሴው መንገድ ጣርማ በር፣ ከዛ ወደ ግራ ታጥፋችሁ በመዘዞና ሞላሌ አድርጋችሁ መሐል ሜዳ። ይሄ ረጅም ቀን ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ በየሰዓቱ ወይ በየሰዓት ተኩሉ ቁሙ፣ ከሞተር ወርዳችሁ ተራመዱ፣ ቆሎና በሶ ይኑራችሁ። ከ11 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትገኙ። መንገዱ ሰላም መሆኑን በሳምንቱም፣ ማታውንም፣ ጠዋቱንም እዛው ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ የህዝብ ማመላለሻ ሹፌሮች ከማንም የተሻለ ያውቃሉ፣ አይሆንም ካሏችሁ አይሆንም ነው፣ አንኮበር ላይ ሁለት ቀን አድራችሁ ተመለሱ፣ ምንም አልቀረባችሁም።

ሶስተኛው ቀን መሐል ሜዳ አቅራቢያ ባለው የጓሳ ጥብቅ ስፍራ ላይ እረፍት። አራተኛው ቀን ወደ ጣርማ በር ተመልሳችሁ ዋሻውን አልፋችሁ በደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት ትወርዳላችሁ። ዋሻው ጣልያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለው ነው፣ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል፣ ከመግባታችሁ በፊት ጥቁር መነጽር አውልቁ መብራት አብሩ፣ ከፀሀይ ድንገት ስትገቡ ለጥቂት ሰከንድ አይን ምንም አያይም። ከዋሻው በኋላ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ተነስታችሁ 1300 ሜትር እስከማይሞላው ሸዋ ሮቢት የሚያወርድ ነው፣ ፍሬን ይዛችሁ አትውረዱ፣ ይግልና መያዝ ያቆማል፣ ማርሽ ቀንሳችሁ ሞተሩ ራሱ ይያዛችሁ፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ ብቻ። ዜሮ ማርሽ አድርጎ በነጻ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል ሰው ካለ ከቡድናችሁ ይውጣ። ተሳቢና አይሱዙ ኩርባውን ሰፋ አድርጎ ነው የሚዞረው፣ የራሳችሁን ጠርዝ ያዙ። እየወረዳችሁ አየሩ በየደቂቃው ይቀየራል፣ ደብረ ሲና ላይ ጃኬት ታወልቃላችሁ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ጥላ ትፈልጋላችሁ። ቆላ ስለሆነ ወባ አለ፣ አጎበር ያለው አልጋ ያዙ። አምስተኛው ቀን በጠዋት ሳይሞቅ ዳገቱን መመለስ ነው።

ሞላሌን አልፈን ጎማ ሲተነፍስ

ይሄን ሳልነግራችሁ አልችልም። በመጀመሪያው ጉዞ ሞላሌን ካለፍን በኋላ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን የወንድሜ ሞተር የኋላ ጎማው ተነፈሰ። ስድስታችንም ቆምን። ንፋሱ የጉድ ነው፣ ጎማውን ፈታን ከመነዳሪውን ለማውጣት ጣቴ እምቢ አለኝ፣ ቆፍኗል። ከመንገዱ በላይ ካለ ቤት አንድ ሽማግሌ በርኖሳቸውን ደርበው መጡ፣ ቆመው አዩኝና አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት። የመንዝ በግ ጸጉር ነው፣ ከባድ፣ ጭስ ጭስ ይሸታል።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"ሞተሩ ያንተ ነው?"

"የወንድሜ ነው አባባ።"

"እሱስ የታል?"

እጄ ጎማው ውስጥ ነው፣ አይኔም እዛው። "አረፈ" አልኩ። ከሞተ ጀምሮ ያቺን ቃል በአፌ ስላት የመጀመሪያዬ ነበር፣ እስከዛ ድረስ የሚያውቅ ሰው ጋ ብቻ ነበር የምውለው፣ ማንም አይጠይቀኝም። ሽማግሌው "ነፍሱን ይማር" ብለው አጠገቤ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ስለራሳቸው ልጅ ማውራት ጀመሩ፣ ስንት አመቱ እንደነበር፣ እህል እንዴት እንደሚያጭድ። እኔም ቀጠልኩ። ጎማውን እየሞላሁ፣ ብሎኑን እያጠበቅኩ፣ ማንንም ሳላይ አወራሁ፣ አስተማሪው ፖምፓውን እየረገጠ ይሰማል፣ ሌሎቹም ዝም ብለው ቆመዋል። ባለቤታቸው እማማ በእንቅብ ትኩስ ቆሎ ይዘውልን ወጡ። ሲመሽብን መሐል ሜዳ ገባን፣ ከ11 በኋላ አትንዱ ያልኳችሁን የዛን ቀን እኛም አልጠበቅንም፣ ስለፈራንም ነው ዛሬ የማጠብቀው።

ከዛ ቀን የተማርኩት፣ ሰው እጁ ስራ ላይ ሲሆን ያወራል። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ "ንገረን፣ ይውጣልህ" አትበሉት። ካቴና ቅባት ሲቀባ፣ ሻይ ሲያፈላ፣ እሳት ሲያነድ አጠገቡ ሁኑ። ሲያወራ አታቋርጡት፣ የኔ ይብሳል አትበሉት፣ ምክር አታቅርቡ። ሲያለቅስም ተዉት፣ ውሃ አቀብሉት። ደግሞ ሳያወራ አምስቱም ቀን ቢያልፍ ጥፋት አይደለም።

አረቄውን ግን ተጠንቀቁ፣ አገሩ የአረቄ አገር ነው፣ ብርዱም ይጋብዛል፣ እኛ በማግስቱ ለምንነዳበት ሌሊት አንድም አንቀምስም። ከፍታው ላይ ራስ ምታት ይቀሰቅሳል፣ እንቅልፍም ይሰብራል፣ ሀዘንን ደግሞ ያገነፍለዋል።

ጓሳ ላይ

ጓሳ ላይ ሞተር አትነዱ፣ በእግር ሂዱ። የማህበረሰቡ ሎጅ አለ፣ አስጎብኚም ከዛው ይሰጣችኋል። ማልዳችሁ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጡ፣ ጭላዳዎቹ ከተኙበት ገደል ይወጡና ፀሀይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሳር ከመጋጣቸው በፊት አንዱ የአንዱን ጸጉር እየፈለፈለ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ቀይ ቀበሮም ከቀናችሁ ታያላችሁ።

አስጎብኚያችን ስለ ሳሩ የነገረን አይረሳኝም። የመንዝ ሰው ይሄን መሬት ቄሮ በሚባል የጋራ መሬት አጠባበቅ ስርዓት ነው የጠበቀው፣ 400 አመት ገደማ ሆኖታል፣ ከአስቦና ጌራ ከሚባሉት አባቶች ጀምሮ። ጓሳ የሚባለው ሳር ለቤት ክዳን ለገመድ ይታጨዳል፣ ግን ሲጎዳ ለአመታት ይዘጋል፣ ማንም አያጭድም ከብትም አይገባም፣ ያገግማል ከዛ ይከፈታል። አስተማሪው ይሄን ሲሰማ "ስንት አመት ነው የሚዘጋው?" ብሎ ጠየቀ፣ አስጎብኚውም "እንደ ጉዳቱ ነው፣ ሶስትም አምስትም" አለው። አስተማሪው ሳሩን በእጁ እያሸ ብዙ ቆየ። እኛም አልጠራነውም፣ ሻዩን አሞቅንለት።

ከተመለሳችሁ በኋላ

የተመለሳችሁ ሳምንት ከባድ ነው፣ ይሄን አስቀድማችሁ እወቁት፣ ቤቱ እንደነበረ ነው የሚጠብቃችሁ። ስለዚህ ጉዞው ሳያልቅ ገና ሸዋ ሮቢት ላይ እያላችሁ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ቅጠሩ፣ ሞተር ለማጠብ። አንድ ግቢ ሁላችሁም ሞተራችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ካቴናውን በናፍጣ እጠቡ፣ ዘይቱን ቀይሩ፣ የላላውን ብሎን አጥብቁ፣ ቡና ይፈላ። እኛ የምንገናኘው እኛ ግቢ ነው። እናቴ ያንን ላስቲክ መሬት ላይ ታነጥፍልናለች፣ መፍቻዎቹ እንዳይጠፉ።